በሩን የዘጋ አገር ምን አተረፈ? የበርማ ታሪክና ለአስተዳዳሪዎች የሚሰጠው ትምህርት

ድንበሩን መጠበቅ ለማንኛውም መንግሥት የተረጋገጠ መብት ነው። ባለቤት የቤቱን በር ሊከፍትም ሊዘጋም እንደሚችል ሁሉ፥ መንግሥትም ወደ አገሩ የሚገባውንና ከአገሩ የሚወጣውን ሰውና ዕቃ ሊመረምር፥ ሊቀርጥ፥ አስፈላጊም ሲሆን ሊከለክል ይችላል። ይህን መብት የሚክድ አስተዋይ ሰው የለም። ዳሩ ግን መብት መኖሩ አንድ ነገር ሲሆን፥ በመብቱ ሲሠሩበት የሚከተለው ጥቅም ወይም ጉዳት ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ አገር ከዓለም ጋራ የነበረውን ግንኙነት በቈረጠ ጊዜ በገበሬው፥ በነጋዴው፥ በመንግሥቱ ግምጃ ቤትና በልጆቹ ትምህርት ላይ የሚደርሰው ምን እንደ ሆነ በአሳብ ብቻ ከመከራከር ይልቅ፥ ሙከራውን እስከ መጨረሻው የፈጸመ የአንድ አገር ታሪክ መርምሮ መፍረድ ይሻላል።

ለዚህ ምርመራ የመረጥነው ዛሬ ምያንማር የምትባለውን፥ እስከ 1989 ድረስ ግን በርማ ስትባል የኖረችውን የእስያ አገር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

በርማ በህንድ፥ በቻይናና በታይላንድ መካከል የምትገኝ፥ የኢራዋዲ ወንዝ ከሰሜን እስከ ደቡብ እያቋረጠ የሚያጠጣት ለም አገር ናት። ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባበት ሜዳ ላይ የሚበቅለው ሩዝ፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ለውጭ አገር ይሸጥ ስለ ነበር፥ በርማ ሩዝ በመሸጥ ከዓለም አገሮች ሁሉ አንደኛ ነበረች። ከሩዙም በቀር ከምድሯ ነዳጅ ዘይት ይቀዳ ነበር፤ ከደኗም ለመርከብና ለቤት ሥራ የሚፈለገው ቲክ የተባለው እንጨት ይወጣ ነበር፤ የከበረ ድንጋይም ሞልቶባታል። ራንጉን የተባለችው ከተማዋ የብዙ አገር መርከብ የሚቆምባት፥ የብዙ ሕዝብ ቋንቋ የሚሰማባት ትልቅ የንግድ ወደብ ነበረች።

ይህ ሁሉ ሀብት እያለ በርማውያን በሩን ለመዝጋት ለምን ፈለጉ? ይህን ጥያቄ ሳይመልስ በእነርሱ ላይ የሚፈርድ ሰው ፍርዱ የተጣመመ ይሆናል። እንግሊዞች በሦስት ጦርነት አገሪቱን ጥቂት በጥቂት እየወሰዱ በ1885 የመጨረሻውን ንጉሥ ማርከው በስደት ከወሰዱ በኋላ፥ በርማን የህንድ ክፍል አድርገው ገዟት። የወደቡ በር ተከፈተ፤ ነገር ግን የበሩ ቍልፍ በባለ አገሩ እጅ አልነበረም። ነዳጁና እንጨቱ የእንግሊዝ ኩባንያዎች ሆነ። በ1931 በተደረገው ቈጠራ ከራንጉን ነዋሪ ከግማሽ የሚበልጠው ከህንድ የመጣ ነበር። ለገበሬው ገንዘብ የሚያበድሩት ቼቲያር የተባሉት የደቡብ ህንድ ባለ ገንዘቦች ነበሩ። በ1930 የዓለም ንግድ ተሰብሮ የሩዝ ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ዕዳውን መክፈል ስላቃተው፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዋና ዋናዎቹ የሩዝ አውራጃዎች ካላቸው የእርሻ መሬት አንድ አራተኛው በእነዚህ አበዳሪዎች እጅ ገባ። በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ የቀረ ሰው፥ የንግድን ነጻነት የሚያመሰግን ንግግር ቢሰማ ጆሮው አለመቀበሉ አያስገርምም።

ከዚህም ላይ የጦርነቱ መከራ ተጨመረ። በ1942 ጃፓኖች ሲገቡ እንግሊዞች ሲወጡ፥ ነዳጁ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ተብሎ የነዳጅ ጕድጓዱና ማጣሪያው በእሳት ጠፋ። አገሪቱ በጥር 1948 ነጻነቷን ብታገኝም ወዲያው የካረን ሕዝብና ሌሎችም ወገኖች የጦር መሣሪያ አንሥተው ተዋጉ። እንደዚህም ሆኖ በጠቅላይ ሚኒስትር ኡ ኑ ዘመን በርማ ከዓለም ጋራ ያላትን ግንኙነት አልቈረጠችም ነበር። በ1955 በባንዱንግ የተደረገውን የእስያና የአፍሪካ አገሮች ጉባኤ ከጠሩት ከአምስቱ መንግሥታት አንዷ በርማ ነበረች፤ ኢትዮጵያም በዚያ ጉባኤ ከተገኙት አገሮች አንዷ እንደ ነበረች ይታወሳል። በ1961 ደግሞ የበርማ ተወላጅ የሆኑት ኡ ታንት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ሆኑ። እንግዲህ አንድ ልጇ የዓለምን ማኅበር በሚመራበት ዘመን ነው እናት አገር በሯን የዘጋችው።

መጋቢት 2 ቀን 1962 ጄኔራል ኔ ዊን በጦር ኀይል ሥልጣኑን ያዙ። በሚያዝያ ወር መጨረሻ አዲሱ ሸንጎ «የበርማ መንገድ ወደ ሶሻሊዝም» የሚል መግለጫ አወጣ። የተሠራውን በቅደም ተከተል ብንዘረዝር እንዲህ ነው። በዚያው ዓመት የውጭ አገር የትምህርትና የርዳታ ድርጅቶች ከአገር እንዲወጡ ታዘዙ፤ አገር ጐብኝ መንገደኛ ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይቈይ ተወሰነ። በየካቲት 1963 ባንኮች ሁሉ ለመንግሥት ተወረሱ። ከዚያ ወዲህ ሩዝ መግዛትም ሆነ ወደ ውጭ መሸጥ የመንግሥት ብቻ ሥራ ሆነ። በ1964 የራንጉን ትልልቅ መደብሮች፥ ቀጥሎም በየአገሩ ያሉ በሺህ የሚቈጠሩ ሱቆች ተወርሰው «የሕዝብ ሱቅ» ተባሉ። በ1965 እና በ1966 የግልና የሚስዮን ትምህርት ቤቶች ለመንግሥት ተወረሱ። ከህንድ መጥተው ለብዙ ዘመን በንግድና በመንግሥት ሥራ የኖሩት ሰዎችም መተዳደሪያቸው ስለ ጠፋ፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉት በመርከብና በአውሮፕላን ተጭነው ሄዱ፤ ሲሄዱም ያፈሩትን ሀብት ይዘው እንዲወጡ አልተፈቀደላቸውም።

የሸንጎው አባሎች ሁሉ በዚህ ተስማምተው ነበር ማለት አይደለም። ከኔ ዊን ቀጥሎ ይታዩ የነበሩት ብርጋዴር አውንግ ጂ፥ የግል ነጋዴው ሥራውን እንዲቀጥል የሚፈልጉ ስለ ነበሩ በየካቲት 1963 ከሥልጣን ወጡ። ከእርሳቸው በኋላ በሸንጎው ውስጥ «ይህ ነገር ወዴት ያደርሰናል?» ብሎ የሚጠይቅ ድምፅ ጠፋ። በዚህ ረገድ የመጀመሪያው የተዘጋ በር የጕምሩኩ በር ሳይሆን የምክሩ በር ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን የተከተለውን ነገር በየክፍሉ እንመልከት። አስቀድመን ስለ ሩዝ እንናገር። መንግሥት ብቻውን ገዢ በሆነ ጊዜ ለገበሬው የሚከፍለውን ዋጋ ራሱ ወሰነ፤ ገበሬውም ከምርቱ የተወሰነውን ያህል በዚያ ዋጋ እንዲያስረክብ ታዘዘ። ዋጋው ከገበያው እጅግ ያነሰ ነበር። የኢትዮጵያም ገበሬ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቈረጠው ዋጋ ኮታውን ሲያስረክብ የኖረና እስከ 1990 ድረስ ያየው ስለ ሆነ፥ ይህ አሠራር ምን እንደሚመስል ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በርማዊው ገበሬ ያደረገው የትም አገር ያለ ገበሬ የሚያደርገውን ነው። ለቤቱ የሚበቃውን አስቀረ፤ ከተረፈው ጥሩ ጥሩውን ለስውር ገበያ አወጣ፤ ለመንግሥት ጐተራ የተሰባበረውንና እርጥቡን ሰጠ፤ ለሚመጣውም ዓመት የሚያርሰውን መሬት አልጨመረም። ሥልጣኑ ሲያዝ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ተኩል ቶን በላይ የነበረው የውጭ አገር የሩዝ ሽያጭ፥ አሥር ዓመት ሳይሞላ ከ1 ሚሊዮን ቶን በታች ወረደ። በ1967 በራንጉን ራሷ ሩዝ ታጣ። የዓለምን ሕዝብ ስትመግብ የነበረች አገር ለራሷ ከተማ የምታቀርበው አጣች።

በዚህ ላይ አንድ መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። በ1962 ከ20 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ይል የነበረው የበርማ ሕዝብ በ1988 ወደ 40 ሚሊዮን ተጠግቶ ነበርና፥ ሽያጩ የቀነሰው በላተኛው ስለ በዛ ነው የሚል አለ። ይህ ከፊል እውነት ነው። ነገር ግን በጎረቤት በታይላንድም ሕዝቡ በዚያው ዘመን እንደዚሁ በዝቷል፤ ሆኖም የታይላንድ ሩዝ ሽያጭ እያደገ ሄዶ በ1980ዎቹ ዓመታት በርማ ለቅቃው የሄደችውን የአንደኝነት ስፍራ ያዘ። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው የበላተኛው ቍጥር ሳይሆን፥ አራሹ ለድካሙ ያገኘው ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ነገር የዕቃ መጥፋት ነው። የሕዝብ ሱቅ ተብሎ የተሰየመው ቤት በሩ ክፍት፥ ሹሙም ተቀማጭ ነበር፤ ነገር ግን በመደርደሪያው ላይ የሚገኘው ጥቂት ነበር። ጨርቅ፥ ዘይት፥ ሳሙና፥ መድኃኒት በመታወቂያ ወረቀት እየተለካ የሚታደል ሆነ። ወረቀቱን ይዞ ሲጠብቅ ውሎ ባዶ እጁን የሚመለሰው ሰው በዛ። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ያለ ልብስና ያለ መድኃኒት ሊኖር አይችልምና፥ ዕቃው ሌላ መንገድ ፈልጎ ገባ። ከታይላንድ ድንበር በጫካው መንገድ በሰው ትከሻና በበሬ ጫንቃ የሚመጣው ጨርቅና መድኃኒት በራንጉን ገበያ በግልጥ ይሸጥ ጀመር፤ የበርማም ሩዝ፥ ከብት፥ እንጨትና የከበረ ድንጋይ በዚያው መንገድ ወጣ።

የዚህን ንግድ ቀረጥ የወሰደው ማን ነበር? ይህን ማንኛውም የጕምሩክና የግምጃ ቤት ሹም ልብ ሊለው ይገባል። በድንበሩ ላይ ኬላ አቁመው ከነጋዴው ቀረጥ የተቀበሉት፥ መንግሥቱን በጦር መሣሪያ የሚወጉት የካረን ሠራዊትና የመሰሎቻቸው ወገኖች ነበሩ። መንግሥት በራንጉን ወደብ የሚገባውን ዕቃ በከለከለ መጠን የዓመፀኛው ግምጃ ቤት ሞላ፤ በዚያም ገንዘብ ጥይት ተገዝቶ በመንግሥቱ ወታደር ላይ ተተኰሰ። ከዚህ የምንረዳው ንግድ እንደ ወንዝ ውኃ መሆኑን ነው፤ በአንድ በኩል ቢገድቡት በሌላ በኩል ሰርጎ ይወጣል እንጂ አይቆምም። በር መዝጋት ንግዱን አላጠፋውም፤ ከመዝገብ ወደ ጨለማ፥ ከሕጋዊው ነጋዴ ወደ ወንበዴው፥ ከመንግሥት ሣጥን ወደ ጠላቱ ሣጥን አዛወረው እንጂ። በመካከልም ጥቂት ደመወዝ የሚከፈለው ዘበኛና ጸሐፊ ዐይኑን ጨፍኖ እንዲያሳልፍ እጅ መንሻ መቀበልን ለመደ፤ ይህ ልማድ ከአንድ ትውልድ በኋላ እንኳ ከመሥሪያ ቤቱ ሊነቀል አልቻለም።

ሦስተኛው ነገር የገንዘብ መታመን መጥፋት ነው። መንግሥት ስውር ነጋዴዎችን ለመምታት አስቦ በግንቦት 1964 የ50 እና የ100 ኪያት የወረቀት ገንዘብ ዋጋ የለውም ብሎ ዐወጀ። በኅዳር 1985 ደግሞ የ20፥ የ50 እና የ100 ኪያት ወረቀት ተሻረ፤ በምትኩም የ75፥ ቀጥሎም የ15 እና የ35 ኪያት ወረቀት ታተመ። መስከረም 5 ቀን 1987 ሦስተኛው መጣ፤ የ25፥ የ35 እና የ75 ኪያት ወረቀት ያለ አንዳች ልዋጭ ተሻረ። በሕዝቡ እጅ ከነበረው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው በአንድ ቀን ተራ ወረቀት ሆነ። ለትምህርት ክፍያ ከቤተ ሰቦቻቸው ገንዘብ ተቀብለው የያዙ ተማሪዎች የያዙት ሁሉ ከንቱ ስለ ሆነባቸው በራንጉን ሁከት አነሡ። ቀጥሎ የወጣው አዲስ ወረቀት የ45 እና የ90 ኪያት ነበር፤ ሁለቱም ለዘጠኝ የሚካፈሉ ሲሆኑ፥ ኔ ዊን ይህን ቍጥር እንደ መልካም ዕድል ይመለከቱት እንደ ነበር በሰፊው ተነግሯል።

በዚህ ነገር ውስጥ እጅግ የሚያሳዝነው የቀኑ አቀማመጥ ነው። መስከረም 1 ቀን 1987 መንግሥት ስሕተቱን ጥቂት አስተውሎ የአገር ውስጥ የሩዝ ንግድ ለግል ነጋዴ እንዲፈቀድ ዐወጀ። ነጋዴው ደስ ብሎት የደበቀውን ገንዘብ አወጣ፤ ሩዝ ሊገዛ ተዘጋጀ። በአምስተኛው ቀን ያ ገንዘብ ተሻረበት። እንግዲህ ከዚያ በኋላ የዚያ መንግሥት የንግድ ነጻነት ዐዋጅ ሲነበብ አምኖ የሚነሣ ማን ነው? ሩዝ በአንድ ክረምት ሊበቅል ይችላል፤ የጠፋ መታመን ግን በአንድ ክረምት አይበቅልም።

አራተኛው ነገር የዕውቀት መድረቅ ነው። ይህ በገበያ ቀን አይታይም፤ ከ20 ዓመት በኋላ ነው የሚታየው። በእንግሊዝ ዘመን የተመሠረተው የራንጉን ዩኒቨርሲቲ በምሥራቅ እስያ ስም ካላቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። በሐምሌ 1962 ተማሪዎች ስለ ተቃወሙ ወታደር ተኰሰባቸው፤ የተማሪዎቹ ማኅበር ቤት በፈንጂ ፈረሰ። የውጭ አገር መምህራን ተሰናበቱ፤ መጽሐፍና መጽሔት ከውጭ መግባቱ ተቀነሰ፤ የእንግሊዝኛ ትምህርት በዝቅተኛው ክፍል ቀረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ጉዳቱ ታውቆ ቋንቋው ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ፥ ለማስተማር የሚበቃ መምህር ማግኘት ችግር ሆነ። የአገርን ቋንቋ ማክበር የተቀደሰ ሥራ ነው፤ እኛም በቋንቋችንና በፊደላችን የምንኮራ ሕዝብ ነን። ነገር ግን ከጥንት የነበሩት የኛ ሊቃውንት ከግሪክና ከዓረብኛ እየተረጐሙ ግእዝን አበለጸጉት እንጂ፥ ግእዝን ለማክበር ሲሉ የሌላውን መጽሐፍ አልዘጉም። የራስን ማክበርና የሌላውን አለማወቅ አንድ አይደሉም።

አምስተኛው ነገር የሐሰት ምንዛሪ ነው። መንግሥት አንዱ የአሜሪካ ዶላር በ6 ኪያት ያህል እንዲመነዘር ወስኖ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት በዚሁ ጸና። በገበያው ግን ዶላሩ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይሸጥ ነበር። ከዚህ የተነሣ ሩዝ ወይም እንጨት በሕጋዊ መንገድ ወደ ውጭ የሸጠ ሰው በመጽሐፍ የሚከፈለው እጅግ ጥቂት ሲሆን፥ ከመንግሥት ዶላር በ6 ኪያት እንዲገዛ የተፈቀደለት ባለ ሥልጣን ግን ሳይሠራ ባለጸጋ ሆነ። አንድ የፈቃድ ወረቀት ከአንድ ዓመት እርሻ ይልቅ የሚያተርፍ ሲሆን፥ ብልህ ሰው ሁሉ ማረሻውን ትቶ ወደ ሹም ደጅ ይሄዳል። ይህ የሁለት ዋጋ አሠራር የቀረው በሚያዝያ 2012 ነው፤ ያን ቀን አዲሱ ዋጋ በአንድ ዶላር 818 ኪያት ሆኖ ሲነገር፥ ለሃምሳ ዓመት በመዝገብ ሲጻፍ የኖረው ሒሳብ ምን ያህል ከእውነት የራቀ እንደ ነበር ለሁሉም ተገለጠ።

የሁሉም ድምር በታኅሣሥ 1987 ታየ። በርማ በራሷ ጥያቄ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መዝገብ እጅግ ወደ ኋላ ከቀሩት ድኾች አገሮች ተራ ገባች። ይህን ያደረገችው ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተበደረችው ዕዳ ስለ ከበዳት ቅናሽና ርዳታ ለማግኘት ነው። ልብ በሉ፤ በሩ የተዘጋው ከባዕድ እጅ ለመዳን ነበር፤ ከ25 ዓመት በኋላ ግን ያው መንግሥት የባዕድን ርዳታ የሚለምን ሆነ። ያመረተ ሰው ከዓለም ጋራ ሲገናኝ ሻጭና ገዢ ሆኖ በእኩልነት ይገናኛል፤ ያላመረተ ግን ሲገናኝ ተበዳሪና ለማኝ ሆኖ ነው። ብርጋዴር አውንግ ጂም በእነዚያ ዓመታት ለኔ ዊን ግልጥ ደብዳቤ እየጻፉ የኤኮኖሚውን ውድቀት ተናገሩ፤ ነገር ግን ጊዜው መሽቶ ነበር። በሐምሌ 1988 ኔ ዊን ከፓርቲው መሪነት ወረዱ፤ ነሐሴ 8 ቀን ሕዝቡ በየከተማው ተነሣ፤ በመስከረም ወር ሠራዊቱ ሥልጣኑን እንደገና ሲይዝ በሺህ የሚቈጠር ሰው በጥይት እንደ ሞተ ይገመታል።

ከበርማ ጋራ ለማመዛዘን ጎረቤቷን ታይላንድን እንመልከት። ሁለቱም ሩዝ አምራች፥ ሁለቱም የቡድሃ ሃይማኖት ተከታይ፥ ሁለቱም ወንዝና ሜዳ ያላቸው ናቸው፤ በ1950ዎቹ ዓመታት የሕዝባቸው ኑሮ እጅግ የተራራቀ አልነበረም። ታይላንድም ቢሆን በሯን እንዲሁ በልቅነት የተወች አይደለችም። ከ1955 እስከ 1986 ድረስ ወደ ውጭ በሚሄደው ሩዝ ላይ ከባድ ቀረጥ ታስከፍል ነበር፤ በዚህም ገበሬው ተጐድቷል። ነገር ግን ሩዙን የሚገዛውና የሚጭነው ነጋዴው ነበር፤ ቀረጡም የታወቀና የተጻፈ ነበር፤ ገበሬው ከሩዝ ወደ በቆሎና ወደ ካሳቫ ለመዞር ነጻነት ነበረው። ፋብሪካ ለመትከል የሚመጣውን የውጭ አገር ባለ ገንዘብ በደንብ የሚቀበል መሥሪያ ቤትም አቆመች። ከአንድ ትውልድ በኋላ የበርማ ልጆች በታይላንድ ፋብሪካና እርሻ የቀን ሥራ ለማግኘት ድንበሩን በስውር የሚሻገሩ ሆኑ። በሩን የዘጋው አገር ዕቃ እንዳይገባ ከለከለ፤ ልጆቹ እንዳይወጡ ግን ማድረግ አልቻለም።

እንግዲህ በሩን መክፈት ብቻውን መድኃኒት ነውን? አይደለም። ይህንንም የምታስተምረን ራሷ በርማ ናት። በኅዳር 1988 አዲሱ የጦር መንግሥት የውጭ አገር ገንዘብ እንዲገባ ሕግ አወጣ፤ ነገር ግን በሩ የተከፈተው ለጥቂቶች ነበር። የደኑ እንጨት ለጎረቤት ኩባንያዎች ተሸጠ፤ ትርፍ ያለው ንግድ ለሠራዊቱ ኩባንያዎችና ለወዳጆቻቸው ተሰጠ። ሕዝቡ ጥቂት ነፋስ ያገኘው ከ2011 ወዲህ፥ ሕጉ ሲሻሻልና ምንዛሪው ሲስተካከል ነው። በየካቲት 2021 ሠራዊቱ እንደገና ሥልጣኑን ያዘ፤ በሚያዝያ 2022 የውጭ አገር ገንዘብ ያለው ሁሉ በመንግሥት በተወሰነው በ1,850 ኪያት ሒሳብ እንዲመነዝር ታዘዘ፤ በነሐሴም ሒሳቡ 2,100 ተባለ፤ የገበያው ዋጋ ግን እንደ ጥንቱ ከዚያ ርቆ ሄደ። አባቶቻችን «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያቅታል» ያሉት ለዚህ ነው። የከለከለ እጅ ከክልከላው ጥቅም ማግኘትን ከለመደ በኋላ በሩን ይከፍት ዘንድ አይወድም።

የራስን ፋብሪካ በቀረጥ መጠበቅ ነውር ነው የምንልም እንዳይመስል። ጃፓን ከ1639 ገደማ ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሯን ዘግታ፥ ከአውሮፓ ሰዎች ለሆላንዶች ብቻ በናጋሳኪ ወደብ በአንዲት ትንሽ ደሴት እንዲነግዱ ፈቅዳ ኖረች። በ1853 የአሜሪካ የጦር መርከቦች ከፊቷ ሲቆሙ ግን የሚመክት ኀይል እንደሌላት አወቀች። ከ1868 ወዲህ የያዘችው መንገድ የተለየ ነው። ልጆቿን ወደ ውጭ ላከች፤ መምህራንን በደመወዝ አስመጣች፤ ዕውቀቱ ከገባ በኋላ መምህራኑን በራሷ ልጆች ተካች። ይህ በርን በራስ ቍልፍ መክፈት ነው። ልጅ ያለው አባት በሩን ሲያስተዳድር ሌባውን ይከለክላል፤ አስተማሪውን ያስገባል። በርማ ያደረገችው ግን ሌባውን ለመከልከል ብላ በሩን በግንብ መድፈን ነው።

አገሮች እርስ በርሳቸው የሚነግዱት ስለሚዋደዱ ብቻ አይደለም፤ እግዚአብሔር የምድርን ሀብት በአንድ ስፍራ ስላላከማቸው ነው። ንጉሥ ሰሎሞን ጥበብ ተሰጥቶት ሳለ የሊባኖስ ዝግባ በአገሩ ስለማይበቅል፥ ለጢሮስ ንጉሥ ለኪራም ስንዴና ዘይት እየሰጠ እንጨቱን ተቀበለ። ስንዴ ያለው ስንዴውን፥ ዝግባ ያለው ዝግባውን አመጣና ቤቱ ተሠራ። ኪራም ባዕድ ነው ብሎ ቢተወው ኖሮ ሰሎሞን በቤቱ ላይ የሚያዋቅረው ዝግባ ባላገኘም ነበር።

ከበርማ ታሪክ ለሥራ ሰዎች የሚቀረው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው። አንድ ክልከላ በጠረጴዛቸው ላይ ለፊርማ በቀረበ ጊዜ አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ። ይህ ዕቃ በሕጋዊው በር እንዳይገባ ብንከለክለው በየትኛው በር ይገባል? የዚያስ በር ዘበኛ ማን ነው? ለገበሬው የምንቈርጠው ዋጋ በሚመጣው ክረምት እንዲያርስ ያደርገዋልን? የምንሰጠው ፈቃድ የሚጠቅመው የሚሠራውን ነው ወይስ ደጅ የሚጠናውን? ትናንት የሰጠነውን ቃል ዛሬ ብናፈርስ ነገ የሚያምነን ማን ነው? ክልከላው ጠቃሚ ሆኖ ከተገኘም የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበት ይውጣ፤ ቀን ያልተጻፈበት ክልከላ የጥቂቶች ርስት ይሆናልና።

በየአጥቢያው ለሕዝብ የሚያስተምሩ ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ኑሮ ሲከብድና ዕቃ ሲጠፋ ሕዝብ ቍጣውን የሚመልሰው አብሮት በሚኖር መጻተኛ ነጋዴ ላይ ነው። በ1967 በራንጉን ሩዝ በጠፋበት ዓመት በሰኔ ወር በቻይናውያን ነዋሪዎች ላይ ሁከት ተነሥቶ ብዙ ሰው ተገደለ፤ ቤትና ሱቅም ተዘረፈ። ሩዙን ያጠፋው የሥርዐቱ ስሕተት ሲሆን ደሙ የፈሰሰው የባለ ሱቁ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕዝቡ ምክንያቱን ሳያውቅ እጁን እንዳያነሣ የሚመክር ከካህን የተሻለ የለም።

በርማ ዛሬም ለም አገር ናት፤ ኢራዋዲ እንደ ጥንቱ ይፈሳል፤ ሜዳውም ሩዝ ማብቀሉን አልተወም። በ1962 ከነበራት ሀብት ምድሯ የነሣት አንዳች የለም። የጐደለው ሰው ለሰው፥ ሕዝብ ለመንግሥት፥ አገር ለአገር የነበረው መታመን ነው። ይህም በጥቂት ዓመታት ዐዋጅ የፈረሰ ሲሆን፥ ከስድሳ ዓመት በኋላ እንኳ ገና ተሠርቶ አላለቀም።